«ቆዳው የታለ?» ስለ ዕፀዋት ቀለምና ስለ ቆዳ ሕዋሳት በሚጻፉ ምርምሮች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ዕፀዋት ቀለምና ስለ ሰው ቆዳ የሚጻፉትን የምርምር ወረቀቶች በተከታታይ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ወረቀቶቹ ከልዩ ልዩ አገር ቢመጡም፣ የተመረመረውም ተክል አንዱ የወይን ልጣጭ፣ ሌላው ቲማቲም፣ ሦስተኛው ቀይ ጎመን ቢሆንም፣ መደምደሚያቸው ወንድማማች ነው። ይኸውም «ከዚህ ተክል የወጣው ቀለም የቆዳን ሕዋሳት ከኦክሲጅን ጉዳት ስለሚጠብቅ ለቆዳ መጠበቂያ ሊውል ይችላል» የሚል ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ስለሚጠብቅ» የምትለው ቃል በሙከራ የተገኘች ናት። «ሊውል ይችላል» የምትለው ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ሙከራ ተከትላት የገባች ናት። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ነቀፌታው ከራሳችን ቢጀምር ይሻላል። ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሰብስበን፣ በአልኮል ዘፍዝፈን፣ ደም የመሰለ ጭማቂ አወጣን። ከዚያም ዲ ፒ ፒ ኤች የተባለውን ሐምራዊ ፈሳሽ በብልቃጥ አድርገን ከጭማቂው ጥቂት ጠብታ ብንጨምርበት፣ ሐምራዊው ቀለም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ተለወጠ። ዲ ፒ ፒ ኤች ፍሪ ራዲካል ነው፤ ከኤሌክትሮኖቹ አንዱ ጓደኛ ያጣበት ሞሌኩል ማለት ነው። የሽንኩርቱ ቀለም የጎደለውን ሰጥቶ አረጋጋው። እኛም በደስታ ተነሥተን የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም የቆዳን ሕዋሳት ሊጠብቅ ይችላል ብለን ጻፍን። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን በጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ቆዳው የታለ?»

በዚያን ጊዜ ቅር ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሌሎችን ወረቀት ባነበብን ቁጥር ይህቺው ጥያቄ እየመጣች አላስቀምጥ አለችን።

ለፍርዱ እንዲያመች አስቀድመን እውነት የሆነውን እንናገር፤ እውነቱም ትንሽ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሰው ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ ይፈልጋል፤ ላም እንኳ ከዋርካ ሥር ትተኛለች። ቅጠል ግን ቀኑን ሙሉ በቆመበት ቆሞ ይውላል። ክሎሮፊል ሊሠራበት ከሚችለው በላይ ብርሃን የተቀበለ እንደ ሆነ ትርፉን ኃይል በአጠገቡ ላለው ኦክሲጅን ያስተላልፋል፤ ኦክሲጅኑም ሊቃውንቱ ሲንግሌት ኦክሲጅን ወደሚሉት ቁጡ መልክ ይለወጥና ያገኘውን ሁሉ ያበላሻል። ተክሉ በዚህ ሳይጠፋ የሚኖረው ከክሎሮፊሉ ጎን ካሮቲኖይድ የተባሉትን ቢጫና ብርቱካንማ ቀለሞች አጥብቆ ስለሚያኖር ነው።

ይህ ነገር በግልጽ የታየው በ1955 ነው። በካሊፎርኒያ የነበሩት ስታኒየር፣ ሲስትሮምና ጓደኞቻቸው በብርሃን ከሚኖሩ ሐምራዊ ባክቴሪያዎች መካከል ባለቀለም ካሮቲኖይድ መሥራት ያቃተውን አንድ ዘር ወስደው መረመሩ። ይህ ዘር በብርሃን ውስጥ አየር ሳይኖር ይኖራል፤ በጨለማም ውስጥ አየር እያለ ይኖራል። ብርሃንና አየር አንድ ላይ ሲመጡበት ግን ክሎሮፊሉ ይፈርሳል፣ እርሱም ይሞታል። ካሮቲኖይድ ያለው ወንድሙ በዚያው ብርሃንና በዚያው አየር ምንም አይሆንም። እኛ እስከ ዛሬ ካነበብናቸው ሙከራዎች ሁሉ ይህን የመሰለ ንጹሕ አላየንም። አንድ ነገር ብቻ ተነሣ፤ ሕይወትና ሞት በዚያ አንድ ነገር ተለዩ። በ1968 ደግሞ ፉትና ዴኒ የተባሉት ኬሚስቶች አሠራሩን ገለጹት። ቤታ ካሮቲን ከቁጡው ኦክሲጅን ላይ ትርፉን ኃይል ተቀብሎ በሙቀት መልክ ይለቀዋል፤ ራሱ ግን በአብዛኛው ሳይጠፋ ይቀራልና ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። ትኩስ ድስት በጨርቅ ይዞ እንደሚያወርድ ሰው ነው። ጨርቁ ግን የሚጠቅመው ከድስቱ አጠገብ ሲገኝ ነው፤ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጨርቅ እጅን ከመቃጠል አያድንም። አንባቢያችን ይህን ጨርቅ እንዳይረሳብን እንለምናለን።

አሁን ወደ ሰው ቆዳ እንምጣ። አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ በሕዋሳት ውስጥ ኦክሲጅን ያለባቸው ኃይለኛ ሞሌኩሎች ይበዛሉ፤ እነዚህም የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲ ኤን ኤ ይጎዳሉ። የሚያጠፋው ኃይል ከሚከላከለው ሲያይል ያለውን ሁኔታ ሄልሙት ሲስ በ1985 ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ብለው ሰየሙት፤ እኛ የኦክሲጅን ጫና እንለዋለን። ቆዳ በዚህ ፊት ባዶ እጁን የቆመ አይደለም። ሜላኒን የተባለው የራሱ ቀለም አለው፤ ካታላዝን የመሰሉ ኤንዛይሞችም አሉት። እንግዲህ ጥያቄው የዕፀዋት ቀለም በዚህ ላይ ሲጨመር የሚፈይደው አለን ወይ ነው።

አንድ ጊዜ እውነተኛ ተስፋ የሰጠ መልስ ተገኝቷል። ኤሪትሮፖይየቲክ ፕሮቶፖርፊሪያ የሚባል በዘር የሚወረስ ሕመም አለ። በሕመምተኛው ደምና ቆዳ ውስጥ ፕሮቶፖርፊሪን የተባለ ሞሌኩል ይከማቻል፤ በዚህም ምክንያት ፀሐይ ላይ ጥቂት የቆየ ሕፃን በእሳት እንደ ተለበለበ ይጮኻል። ፕሮቶፖርፊሪን የክሎሮፊል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተክልም ክሎሮፊልን ሲሠራ በእርሱ በኩል ያልፋል። ሚሼሊን ማቲውስ ሮት የተባሉት ሐኪም ቀደም ሲል በ1959 ከላይ ከጠቀስናቸው ከሲስትሮም ጋር የባክቴሪያዎችን ካሮቲኖይድ መርምረው ነበርና፣ ያንን ያዩትን ነገር ወደ ሕመምተኞች አመጡት፤ በ1970ም ከጓደኞቻቸው ጋር ቤታ ካሮቲን የዋጡ ሕመምተኞች ፀሐይን የበለጠ እንደ ቻሉ አስታወቁ። በኋላ የተነሡ ገምጋሚዎች ማስረጃው እንደ ታሰበው ጠንካራ አይደለም ብለዋል። ቢሆንም ቅሉ አስተሳሰቡን እናደንቃለን። በቅጠል ውስጥ ያለው አደጋ በሰው ቆዳ ውስጥ በዘመዱ አማካይነት ተደገመ፤ ስለዚህ በቅጠል ውስጥ ያለው መድኃኒት ተሞከረ። መጠኑም ቆዳው መልኩ ወደ ብርቱካን እስኪያደላ ድረስ የሚሰጥ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ቆዳው መድረሱን በዓይን ማየት ይቻል ነበር ማለት ነው። ጨርቁ ከድስቱ አጠገብ መሆኑ ታውቋል።

የምንነቅፈው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ለአንድ ሕመም፣ በአንድ ምክንያት የተሞከረው ነገር ለሰው ሁሉ፣ ለማናቸውም ዓይነት ጉዳት የሚሆን ይመስል ተስፋፋ። በ1981 ፔቶ፣ ዶልና ጓደኞቻቸው ቤታ ካሮቲን የካንሰርን ብዛት ሊቀንስ ይችል እንደ ሆነ በጥያቄ መልክ ጻፉ። እነርሱ ጥያቄ ነው ብለው ነበር፤ አንባቢው ግን እንደ መልስ ወሰደው። በ1990 የታተመ የአሜሪካ ምርመራ አስቀድሞ የቆዳ ካንሰር ለነበረባቸው 1805 ሰዎች ለእኩሌቶቹ በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን፣ ለእኩሌቶቹ ባዶ ክኒን ለ5 ዓመት ሰጥቶ፣ አዲስ በሚወጣው የቆዳ ካንሰር ላይ ልዩነት አላገኘም። በአውስትራሊያ ናምቡር በምትባል ከተማ ከ1992 እስከ 1996 በ1621 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። ቤታ ካሮቲን በየቀኑ 30 ሚሊ ግራም ቢዋጥ በቆዳ ካንሰር ላይ የጠቀመውም የጎዳውም ነገር አልታየም። በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የተቀቡት ግን ስኩዌመስ ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር 40 በመቶ ያህል ቀነሰላቸው። ውጤቱ በ1999 ታትሟል። ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ስንት የቆዳና የቀለም ወረቀቶች ይህን ምርመራ ሳይጠቅሱ መግቢያቸውን እንደ ጨረሱ ማየት የሚያሳዝን ነው።

በሳንባ ላይ የሆነው ደግሞ ከማሳዘን አልፎ ያስደነግጣል። በፊንላንድ 29133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች የተካፈሉበት ምርመራ በ1994 ሲታተም፣ በየቀኑ 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን የዋጡት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልዋጡት ይልቅ 18 በመቶ በልጠው ተገኙ። በአሜሪካም በአጫሾች፣ ማጨስ በተዉና በአስቤስቶስ ሠራተኞች፣ በጠቅላላው በ18314 ሰዎች ላይ የተደረገውና ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር የሰጠው ምርመራ በ1996 ጊዜው ሳይደርስ 21 ወር ቀድሞ ቆመ፤ የሳንባ ካንሰሩ ብልጫ 28 በመቶ ደርሶ ነበርና። እነዚህ ሰዎች የዋጡት መርዝ ተብሎ የተሰጣቸውን አልነበረም፤ የካሮትን ቀለም ነው።

ምክንያቱ እስከ መጨረሻው ተለይቶ ታውቋል አንልም። ነገር ግን የፊንላንዱ ውጤት ከመታተሙ 10 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1984፣ በርተንና ኢንጎልድ የተባሉት የካናዳ ኬሚስቶች አንድ ጠቃሚ ነገር ጽፈው ነበር። ቤታ ካሮቲን የኦክሲጅን ግፊት አነስተኛ በሆነበት ቦታ ስብን ከመበላሸት ይጠብቃል፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ግን፣ ይልቁንም ካሮቲኑ የበዛ እንደ ሆነ፣ ጠባዩ ተገልብጦ ራሱ ጥፋቱን ያግዛል። እንግዲህ አንዱ ቀለም እንደ ቦታው ጠባቂም አጥፊም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሳንባ ደግሞ በገላችን ውስጥ ኦክሲጅን እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ቤታ ካሮቲን ነው እንጂ ስለ እኛ ቀለም አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሽንኩርትና የወይን ልጣጭ ቀለም አንቶሲያኒን ነው፣ ጠባዩም ሌላ ነው። ዳሩ ግን የአንቶሲያኒን ወረቀቶች የሚቆሙበት መሬት ከዚህ ይልቅ የላላ ነው።

ሙከራው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሃካት የተባሉት የቆዳ ሕዋሳት በሳህን ላይ ይዘራሉ፤ የተክሉ ጭማቂ ይጨመርባቸዋል፤ በማግስቱ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይፈስባቸዋል ወይም ጨረር ይበራባቸዋል፤ ከዚያም ስንቱ እንደ ተረፈ ይቆጠራል። ሃካት ከሰው ቆዳ ተገኝተው በ1988 የተገለጹ፣ ሳያረጁ የሚራቡ ሕዋሳት ናቸው። ለሥራ ምቹ ናቸው። ነገር ግን ሕዋስ ሲጎዳ የሚፈርደው ፒ 53 የተባለው ጂናቸው አስቀድሞ በጨረር ጉዳት የተለወጠ ነው፤ ዳኛው በሌለበት ችሎት ስለ ፍርድ መመርመር ነው። ጭማቂው ሳይታጠብ ጨረሩ የበራ እንደ ሆነ ደግሞ ቀለሙ ያደረገው ጥላ መሆን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጃንጥላም ያደርገዋል። ፐሮክሳይዱና ጭማቂው በአንድ ሳህን ውስጥ የተገናኙም እንደ ሆነ ጠቡ ከሕዋሱ ደጅ ያልቃል፤ ሕዋሱ ምንም ሳይሠራ ተጠበቀ ይባላል።

ስለ መጠኑም እንናገር። አንቶሲያኒን ከተበላ በኋላ ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ በደም ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በናኖሞላር ይቆጠራል። በሳህኑ ላይ የሚፈሰው ግን በማይክሮሞላር፣ ያውም በአሥርና በመቶ ማይክሮሞላር ነው። ከዚህም በቀር አንቶሲያኒን በአሲድ ውስጥ እንጂ ሕዋስ በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ቀይ ሆኖ አይቆይም፤ በሰዓታት ውስጥ መልኩን ቀይሮ ይፈርሳል። ስለዚህ በማግስቱ ሕዋሳቱን ያገኛቸው ቀለሙ ሳይሆን ስብርባሪው ሊሆን ይችላል። ስብርባሪው ጠቃሚ ሊሆን አይችልም አንልም፤ ወረቀቱ የማንን ሥራ ለማን እንደ ሰጠ ግን መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ የባሰውን ባሪ ሃሊዌል በ2003 በጻፉት ውስጥ አገኘነው። ሕዋሳት የሚያድጉበት ሣጥን ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ኦክሲጅን ያለበት ነው፤ በገላ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሕዋሳት ግን የሚኖሩት ከዚህ እጅግ ባነሰ ኦክሲጅን ነው። ሳህኑ ራሱ የኦክሲጅን ጫና ነው ማለት ነው። (አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ በዚህ በኩል ጥቂት ዕድለኞች ነን፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከፍታው አልትራቫዮሌቱን በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ያበዛብናል።) እንዲሁም አያሌ ፖሊፊኖሎች በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝተው ራሳቸው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወልዳሉ። ፐሮክሳይዱ ብዙ ከሆነ ሕዋሱን ይገድላል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ያስደነግጠውና ኤን አር ኤፍ 2 በተባለው ፕሮቲን በኩል የራሱን መከላከያ እንዲያስነሣ ያደርገዋል። እንግዲህ በማግስቱ ትልቁ መዓት ሲመጣ ሕዋሱ የሚተርፈው ተዘጋጅቶ ስለ ቆየው ነው። መርማሪው ይህን አይቶ «ቀለሙ አንቲኦክሲዳንት ነው» ብሎ ይጽፋል፤ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

የብልቃጡ መለኪያ ወደ ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ኦራክ በሚባል መለኪያ የምግቦችን ኃይል የሚያሳይ ሠንጠረዥ አውጥቶ ነበር፤ በ2012 ግን አነሣው። ቁጥሮቹ በሰው ገላ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር እንደማይናገሩ ከመግለጹም በላይ፣ ሻጮች ያለ አግባብ ለማስታወቂያ እንደሚጠቀሙባቸው ተናግሯል።

በዚህ ሁሉ መካከል ቆዳውን ያልረሱ ምርመራዎች መኖራቸውን ማመስገን ይገባናል። በ2001 ሽታልና ሲስ ከጓደኞቻቸው ጋር ያሳተሙት አንዱ ነው። ሰዎች በየቀኑ 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከ10 ግራም የወይራ ዘይት ጋር ለ10 ሳምንት በሉ፤ በድልሁ ውስጥ 16 ሚሊ ግራም ያህል ላይኮፔን ነበር። ከዚያም ጀርባቸው ላይ የተለካ ጨረር ሲበራባቸው የቆዳው መቅላት ድልህ ካልበሉት በ40 በመቶ አነሰ። በ4ኛው ሳምንት ሲለካ ግን ገና ልዩነት አልነበረም። እኛ የምንወደው ይህችን የ4ኛ ሳምንት ልኬት ነው፤ ቀለሙ ቆዳ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ እንደሚፈልግ ታመለክታለችና። ዘይቱም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ላይኮፔን የሚሟሟው በስብ ነው። የእኛ እናቶች ቲማቲሙን በዘይት ሲያቁላሉ ይህን ሳያውቁት ያደርጉታል። ሆኖም የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ የተለካውም መቅላት ነው እንጂ ካንሰር አይደለም።

መቅላት ስንል ሌላ ነገር ይነሣል። እነዚህ ምርመራዎች የሚደረጉት ፀሐይ ቶሎ በሚለበልበው ነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ መለኪያቸውም ያ ቆዳ ምን ያህል እንደ ቀላ ማየት ነው። ሜላኒን በበዛበት ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም፤ የሚጨመረውም ጥበቃ አስቀድሞ ካለው አጠገብ ምን ያህል እንደሆነ ከእነዚያ ቁጥሮች ማውጣት አይቻልም። የእኛ ተማሪዎች ግን ቁጥሩን እንዳለ እየገለበጡ «ለኅብረተሰባችን ይጠቅማል» ይላሉ። በአገራችን የፀሐይ ነገር የሞት ሽረት የሚሆንበት ወገን አለ፤ እርሱም አልቢኒዝም ያለበት ሰው ነው። ቆዳው ሜላኒን አይሠራለትም ወይም እጅግ ጥቂት ይሠራለታል፤ ገበሬ ወይም እረኛ ከሆነ ደግሞ ከፀሐይ የሚሸሽበት ሰዓት የለውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ ጥላና የፀሐይ ቅባት መሆኑ ይታወቃል። ቅባቱ በገንዘብ የሚገዛ ነው። አንድ ሰው የእኛን የሽንኩርት ወረቀት አንብቦ፣ ወይም ካነበበ ሰው ሰምቶ፣ የቅባቱን ገንዘብ ለቀይ ብልቃጥ ቢያውለው ምን እንላለን? «ሊውል ይችላል ነው እንጂ ይውላል አላልንም» ብለን እንመልስ ይሆን?

መምህራችን ሁለት ቃል የጻፉት ለዚህ ይመስለናል፤ ጠይቀናቸው ግን አናውቅም።

የሽንኩርቱን ጭማቂ አልደፋነውም፤ በቡናማ ጠርሙስ ተከድኖ በማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። በሚመጣው ወር ሕዋስ በሌለበት በማሳደጊያው ፈሳሽ ብቻ ውስጥ ጨምረነው ከራሱ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወልድ እንደ ሆነ እንለካለን፤ ከዚያም ካታላዝ ጨምረን ደግመን እንለካለን። ካታላዝ ሲገባ ልኩ ከወረደ፣ የአምናውን ዐረፍተ ነገር በዚሁ መጽሔት ራሳችን እንሰርዘዋለን። ካልወረደም ቢሆን የምንጽፈው ስለ ጠርሙሱ ነው እንጂ ስለ ማንም ሰው ገላ አይደለም።